ለረጅሙ ድልድይ የተዋጣ ደረጃ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የዜናው መጀመሪያ ድልድዩ ነው። ጦርነት ቢነሳ፣ አንበጣ ቢገባ፣ መጀመሪያ ድልድዩ ነው። «ረጅሙ ድልድያችን ዛሬም ስድስት መቶ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው» ትላለች አንባቢዋ፣ ሌሊቱን የሚያጥር ይመስል። ቀጥሎ የሌሎቹ ይነበባል። ሁለተኛ ከባሕር ማዶ ያለችው ደሴት፣ ስድስት መቶ አራት። ሦስተኛ የበረሃው፣ አምስት መቶ ሰባ። በየቤቱ ሰው ጉርሻውን አፉ ውስጥ ይዞ ያዳምጣል። ደሴቲቱ ያልጨመረች እንደሆነ «ተመስገን» ብሎ ይውጣል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔም ይህንን ዜና ሰምቼ ነው የምወጣው፤ ቁጥሩን ግን የምሰጣቸው እኔው ነኝ።

ለኪ ነኝ። ፈትለወርቅ እባላለሁ፤ በድልድይ ርዝመት ጽሕፈት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ባለ ጎማ መለኪያዬን እየገፋሁ ከደብረ ብርሃን ደሴ መሄድ፣ ከደሴ ደብረ ብርሃን መመለስ ነው። በግንቦት ነው የምንለካው፤ ብረቱ በሙቀት ስለሚለጠጥ አንድ ሁለት መቶ ሜትር በነጻ እናገኛለን። ዓለም አቀፉ የንጽጽር ጉባኤ ይህን ጉዳችንን ስለሚያውቅ መርማሪዎቹን በነሐሴ ይልካል። እነሱም ከእኛ አይሻሉም፤ የራሳቸውን አገር ድልድይ በበጋ ነው የሚለኩት አሉ።

በድሮው መንገድ ከደብረ ብርሃን ደሴ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ድልድዩ ግን ምሥራቅ ሄዶ ይመለሳል፣ ወደ ጀማ ቆላ ወርዶ እንደ በግ አንጀት ተጠማዝዞ ይወጣል። ጀማ ምን ሊሠራ ወረደ እንዳትሉኝ። ለርዝመት ነው የወረደው። ደሴቲቱ ሃያ ኪሎ ሜትር በጨመረች ቁጥር እኛ አንድ መጠምዘዣ እንጨምራለን፣ ሚኒስትሩ ሪባን ይቆርጣል፣ ደሴ የሚሄደው መንገደኛ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ደስ ብሎት።

በአያቶቻችን ዘመን የዓለም ረጅሙ ድልድይ የሚባለው ቻይና ውስጥ የነበረ የባቡር ድልድይ ነው፤ መቶ ስልሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ። እሱ እንኳ ሰው ከከተማ ከተማ ለማድረስ ነበር የተሠራው፣ ርዝመቱም የመጣው ከሥራው ነው። ሁለት ሌሎች ድልድዮች ደግሞ «ውሃ ላይ ረጅሙ እኔ ነኝ» ተባብለው ሲካሰሱ፣ ዳኞቹ አንዱን «በጠቅላላ ርዝመቱ»፣ ሌላውን «ውሃ ላይ ባለመቋረጡ» ብለው ሁለቱንም አንደኛ አደረጓቸው። ጣጣው የጀመረው እዚያ ነው። «ያልተቋረጠ» የምትለዋን ቃል ጉባኤው ወረሳትና ሕግ አደረጋት። ዛሬ በሕጉ መሠረት በድልድዩ ወገብ ላይ ሰው ወደ መሬት የሚወርድበት አንድ መውጫ ከተገኘ፣ ድልድዩ አንድ ድልድይ አይደለም፤ ሁለት ነው።

ስለዚህ መውጫ የለንም። ሸዋሮቢት እህት ያለው ሰው ከላይ ሆኖ የቤቷን ቆርቆሮ እያየ ያልፋል፣ እጁን ያውለበልባል፣ ደሴ ደርሶ ይወርድና በታችኛው ጭቃ ሁለት ቀን ተጉዞ ይመለሳል። ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ፤ በጀት ያለው ለድልድዩ ብቻ ነዋ። ታች የቀረውን ሰው በመሥሪያ ቤታችን ቋንቋ «የሥር ነዋሪ» እንለዋለን። በካርታው ላይ የለም። በራሪ አምቡላንስ ልኩልን ቢል እንኳ፣ ለድልድዩ ደኅንነት ሲባል ከድልድዩ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይርቁ መብረር ክልክል ነው።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናገር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ኪሎ ሜትር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ ጀማ ቆላ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ መውጫ ነበረች። ግንበኞቹ ለራሳቸው ሠርተዋት ረስተዋት የሄዱ ናት። ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ ሪፖርቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተደፈነች፣ ከአምስተኛ አንደኛ ወጣን፣ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። በዚያች መውጫ ብሳና ሜዳ የምትባል መንደር ሰዎች ይወጡ ነበር። ጤና ጣቢያው ከእነሱ ራስ በላይ፣ ኪሎ ሜትር ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ነው። መውጫዋ ስትደፈን የቀራቸው የጀማን ወንዝ ተሻግሮ ሌላ ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ ጀማ ደግሞ ክረምት ሲገባ ሰውም በቅሎም ይወስዳል። አርባ ሜትር የምትሆን ድልድይ ወንዙ ላይ ይሠራልን ብለው ማመልከቻ አስገብተው ነበር። ጽሕፈት ቤታችን የመለሰላቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፦ አጭር ድልድይ መሥራት የአገሪቱን ድልድዮች አማካይ ርዝመት ስለሚያወርድ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከዚያው መንደር ደብዳቤ መጣ። የእድሩ ክብ ማኅተም በሐምራዊ ቀለም ተመትቶበታል፣ ፊርማው የእድሩ ሊቀ መንበር የአቶ ዘርጋው ነው። እንዲህ ይላል፦ «እኛ የብሳና ሜዳ እድር አባላት፣ አገራችን ያለችበትን ብርቱ ውድድር በዜና እየተከታተልን ዝም ብሎ መቀመጥ ስላላስቻለን፣ በደቦ ወጥተን ከመሬት እስከ ድልድዩ የሚደርስ ሠላሳ አንድ ሜትር ከአርባ ሳንቲም ደረጃ ሠርተን ለረጅሙ ድልድያችን አበርክተናል። ይህም ከጠቅላላው ርዝመት ላይ እንዲደመርልን በአክብሮት እናመለክታለን።»

ሦስቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ እውነቱን ለመናገር እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። የዓለም ሕዝብ ሁሉ ተንኮሉን ሲደብቅ፣ እነዚህ ሰዎች ድልድዩን ለሁለት የሚቆርጠውን ነገር በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ ማኅተም መትተው፣ ይደመርልን ብለው ላኩ። ደረጃውን ለራሳቸው ሲሉ እንደሠሩት ግልጽ ነው፤ ግን ለራስ ብቻ መሥራት ነውር መስሎ ስለታያቸው የአገር ስጦታ አደረጉት።

አለቃዬ ኪሩቤል አልሳቀም። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ድልድዩ ላይ ተወልዶ ድልድዩ ላይ ያደገ፣ ጭቃ ረግጦ የማያውቅ ልጅ ነው። ደብዳቤውን ሌላ ማን እንዳየው ጠየቀኝ። ማንም አልኩት። መርማሪዎቹ ነሐሴ ሃያ እንደሚገቡ፣ ኪሎ ሜትር ሁለት መቶ አሥራ ሁለትም ድሮ መውጫ ስለነበረበት ቆመው እንደሚያዩት አስታወሰኝ። «እትዬ ፈትለ፣ እርስዎ ያውቁበታል» አለና ሂደው ያስፈርሱት አለኝ። ስታቆላምጥ ደስ የማትል ምላስ አለችው።

ነሐሴ አሥራ ሰባት ቀን ሄድኩ። መውጫ በሌለው ድልድይ፣ በደረጃው ወረድኩ። ባሕር ዛፍና ግንበኞች ጥለውት የሄዱት ብረት ነው፤ ምሰሶውን እየዞረ ይወርዳል፤ በየእርከኑ መደገፊያ አለው፣ በየአሥር እርከኑ ደግሞ ነፍሰ ጡር የምታርፍባት መቀመጫ። እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ መሐንዲስ አይቼ አላውቅም።

ታች መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ጠበቀኝ። ልለካላቸው የመጣሁ መስሏቸው ነው። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። አቶ ዘርጋው ሰባ የሞላቸው፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን በወጉ ያጣፉ ሰው ናቸው፤ ንግግር አዘጋጅተው ነበርና ቆሜ ሰማሁ። ከንግግሩ በኋላ ክርክር ተነሳ። ግማሹ ቁመቱ ይለካ ይላል፣ ግማሹ ደረጃው ስለሚጠመዘዝ በጥምዝምዙ ቢለካ ሰማንያ ሜትር ይሞላል፣ ለአገር ሲሆን ለምን ይሰሰታል ይላል። ወይ ጉድ አልኩ በልቤ፤ ይህን ዘዴ ማን አስተማራቸው? እኛው ነን።

አቶ ዘርጋው ሴት ልጃቸውን አስተዋወቁኝ። ደብሪቱ ትባላለች፣ ሆዷ ገፍቷል፤ ቀኗ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። የበኩር ልጇ ከሁለት ዓመት በፊት ክረምት፣ ጀማ ዳር ወንዙ እስኪጎድል ሲጠብቁ፣ ሆዷ ውስጥ ሞቶባታል። የደረጃው ነገር ከዚያ የመጣ ነው። ደረጃው ካለቀ ወዲህ በየሳምንቱ እየወጣች ጤና ጣቢያ ትታያለች፤ አዋላጇ ልጁ በመቀመጫው ስለመጣ ቤት እንዳትወልድ አስጠንቅቃታለች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሌሎቹ ሲከራከሩ።

ፈቀቅ ብዬ ለኪሩቤል ደወልኩ። ደረጃው ሦስት ሳምንት ብቻ ይቆይ አልኩት፤ መርማሪዎቹ ሲመጡ በሸራ እንሸፍነው አልኩ፤ ለመንኩት እንጂ አላልኩትም። አይሆንም አለ። እያንዳንዱን ምሰሶ ነው የሚያዩት አለ። ከዚያ ድምፁን አለሳልሶ፣ ለሴትዮዋ በቅርጫት ሐኪም አውርደን እንልካለን፣ ቃሌ ነው አለኝ። ኪሩቤል ቃሌ ነው ሲል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለማመን ቀለለኝ።

ከምሰሶው አጠገብ ባለ ሾላ ሥር ሲሰበሰቡ ነገርኳቸው። ደረጃው ካለ ድልድዩ እዚህ ጋ ይቆረጣል፤ አንዱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሌላው ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ይሆናል፤ አገሪቱ ከአንደኛ አምስተኛ ትወርዳለች። ለደብሪቱም በቅርጫት ሐኪም ይወርድላታል አልኩ። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ገበሬ እጁን አወጣና ሁለት ድልድይ ቢኖረን ከአንድ አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ሳቀበት፤ ሰውየው አፍሮ ተቀመጠ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ከሰማሁት ሁሉ አእምሮ ያለው ጥያቄ እሱ ነበር፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

አቶ ዘርጋው ፊታቸው ጠቁሮ ተነሱ። ሳናውቅ አገራችንን ልናዋርድ ነበር አሉ። በደቦ የሠራነውን በደቦ እናፈርሳለን አሉ። ሰዉ መጥረቢያውን ሊያመጣ ሲበተን፣ ደብሪቱ ሄዳ የመጀመሪያው እርከን ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ አልነሳም» አለች። «አገር ከፈለገችው ትምጣና ታንሳኝ።»

መጥረቢያ የያዙት ቆሙ። እርጉዝ ሴት በግድ የሚያነሳ ማን አለ? አባቷ ቀረቧት፤ ከሷ ዝቅ ብለው፣ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ የአገር ነገር ነው።»

«እኔስ ያገር ነገር አይደለሁም?»

ዞር ብለው እኔን አዩ። «ሐኪም ይመጣል ብለዋል አይደል? ይቺ ትልቅ ሰው ምስክር ናት።» መንደሩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ደብሪቱም ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ያለው እምነት አልነበረም፣ ድካም ነበር።

«ይመጣል» አልኩ።

አባቷ እጇን ይዘው አስነሷት። ደረጃው ለማለቅ ሁለት ወር የፈጀባቸው ነው፤ ለማፍረስ ግማሽ ቀን በቃው። እየዘፈኑ ነው ያፈረሱት፤ ያንኑ የሠሩበትን የሥራ ዘፈን። እኔን ከላይ የቀሩት ሠራተኞቻችን በገመድ ጎትተው አወጡኝና፣ ገመዱንም የመሥሪያ ቤቱ ነው ብዬ ይዤው ሄድኩ።

ነሐሴ ሃያ ዝናቡ አላባራም። ሊቀ መርማሪው ቀጭን፣ ትሁት ሰው ነው፤ ጆሮው ላይ ተርጓሚ ሰክቷል፣ የምንለውን ሁሉ በራሱ ቋንቋ ይሰማል። ኪሎ ሜትር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ መኪናዎቹን አስቆመ። ወረደ፣ ጃንጥላውን ዘረጋ፣ የተደፈነውን መውጫ በእጁ ዳሰሰ፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ ወደታች አየ። ከታች ጩኸት ይሰማል። ምን እያሉ ነው ብሎ ጠየቀ። ተርጓሚው ከዚያ ርቀት አይሰማም።

ኪሩቤል ሕዝቡ ደስታውን እየገለጸ ነው አለው። መርማሪው ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበላቸው።

እኔም ሄጄ አየሁ። ምሰሶው ሥር ቃሬዛ አለ። ደብሪቱ ናት፤ ሦስት ሳምንቱ አልጠበቃትም። አባቷ ጋቢያቸውን አውልቀው ዝናቡን ይከልሉላታል፣ ሌሎቹ ቀና ብለው «ገመድ ጣሉልን» እያሉ ይጮሃሉ። ሐኪም የለም። ቅርጫት የለም። ከዚያች ሰዓት በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው፤ አውቅ ነበር፤ ግን እንዲህ ከላይ ሆኜ አይቼው አላውቅም።

«ጌታዬ» አልኩት መርማሪውን፣ «ደስታ አይደለም። ሴትዮዋ ምጥ ይዟታል፣ ልጁ በመቀመጫው ነው የመጣው። ጤና ጣቢያው እዚሁ ድልድዩ ላይ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። መውጫ ግን የላቸውም።»

ኪሩቤል ፊቱ ነጣ። መርማሪው ተርጓሚውን በጣቱ ጫን አድርጎ ሰማኝና በጥሞና አየኝ።

«መውጫ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«ምንም? ደረጃ? መሰላል?»

«ምንም የላቸውም፣ ጌታዬ። ልትሞት ነው።»

አንገቱን በሐዘን ነቀነቀ። ከዚያ ሰሌዳውን አወጣና ጻፈ። ሲጽፍ አየሁት፤ «መውጫ የለም» የምትል አንዲት መስመር ናት፣ ምልክት አደረገባት። ከዚያ እጄን ጨበጠኝ። ብዙ አገሮች ሰነድ ብቻ እንደሚያሳዩት፣ እንዲህ ያለ የዓይን ምስክር ግን አግኝቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከልቡ ነው ያመሰገነኝ።

ገመዱ ከኋላ መኪናው ውስጥ እንዳለ ለኪሩቤል ነገርኩት። አንድ ሰው መርማሪው ፊት ከታች ቢወጣ መውጫ ተገኘ ማለት ነው አለኝ፣ ሰዓቱን እያየ። «ይግቡ እትዬ ፈትለ፣ በኋላ እንልክላቸዋለን።» ገመዱ ከእጄ አሥር እርምጃ ነበር። ሄጄ ላመጣው እችል ነበር፤ ማንም አልያዘኝም። ገባሁ። በሩንም ራሴ ዘጋሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደሴ ደርሰን የምስክር ወረቀቱ ሊፈረም ሲል፣ ደሴቲቱ በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ጨምራ መመረቋ ተሰማ። ስድስት መቶ አሥራ አምስት ሆነች። ሁለተኛ ነን። ኪሩቤል ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ፤ አንድ ሰው አለቀሰ፤ አንድ መሐንዲስ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አዲስ መጠምዘዣ መሣል ጀመረ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አቶ ዘርጋው ናቸው። ከበስተኋላቸው ውሃ ይሰማል፤ ጀማ ዳር ነበሩ። እንዴት ዋልሽ አሉኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ቃሬዛውን ተሸክመው ወንዙ ድረስ እንደወሰዷት፣ ውሃው እንዳላሳለፋቸው፣ ከአንድ ሰዓት በፊት እንዳረፈች፣ ልጁም አብሯት እንደሄደ ነገሩኝ። ድምፃቸው አልተሰበረም። የእድር ሊቀ መንበር ናቸው፤ መርዶ መንገር ለምደዋል።

ስልኩን የዘጉት መስሎኝ ነበር።

«ለመሆኑ» አሉኝ፣ «አንደኛ ወጣን?»

«ወጥተናል» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። ከዚያ ነው ያለቀሱት።